ግፊት፣ ፍሰትና ቧንቧ፦ የደም ግፊት ሕክምና በፊዚክስ ዓይን

ባለፈው ዓመት በደብረ ታቦር ስለ ፈሳሾች ግፊት በምናስተምርበት ክፍለ ጊዜ አንድ የአንደኛ ዓመት ተማሪ እጁን አንሥቶ ከመማሪያ መጽሐፉ ውጭ የሆነ ጥያቄ አቀረበልን። አባቱ በጉና ተራራ ግርጌ ገብስና ድንች የሚያመርቱ አርሶ አደር ናቸው። በጤና ጣቢያ የደም ግፊታቸው ሲለካ 170 በ100 ሆኖ በመገኘቱ በቀን አንድ ጊዜ የሚዋጥ ኪኒን ታዘዘላቸው። ከሁለት ወር በኋላ ዳግመኛ ሲለኩ ግፊታቸው ወርዶ ተገኘ። እርሳቸውም «ከዳንሁ ወዲያ ምን ያስውጠኛል?» ብለው ኪኒኑን ተዉት። ተማሪው በስልክ ሲያገኛቸው መድኃኒቱን ከተዉ አራተኛ ቀናቸው ነበር፤ ራስ ምታት የለም፣ ማዞር የለም፣ እርሻቸውንም እንደ ወትሮው እየሠሩ ነው። «እኛ አገር ከፍታው ብዙ ስለሆነ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ነው ብለውናል፤ ታዲያ የአባቴ ግፊት የተዛባው በደጋው ምክንያት ይሆን? ቆላ ቢወርዱስ ይሻላቸው ይሆን? መድኃኒቱን ሲተዉትስ ስለ ምን ምንም አልተሰማቸውም?» አለን።

ሦስቱም የፊዚክስ ጥያቄዎች ናቸው። በዚያን ዕለት የመለስንለት ግማሹን ብቻ ስለነበረ ቀሪውን በዚህ ጽሑፍ ለማሟላት እንሞክራለን። እኛ የፊዚክስ መምህራን እንጂ ሐኪሞች አይደለንም፤ ለማን የትኛው መድኃኒት በምን ያህል መጠን እንደሚገባ የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ይሁን እንጂ ሐኪሙ በአንድ ቀን የሚያያቸው ሕመምተኞች ብዙ ስለሆኑ «ለምን?» የሚለው ጥያቄ አዘውትሮ ሳይመለስ ይቀራል። የተማሪያችን አባት መድኃኒቱን የተዉት ታዛዥ ስላልሆኑ ሳይሆን የተነገራቸው «ውጡ» የሚለው ብቻ ስለነበረ ይመስለናል።

የሚለካው ምንድን ነው?

ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ በ2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በባሕር ወለል የከባቢ አየር ግፊት 760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሲሆን በደብረ ታቦር ወደ 550 ገደማ ዝቅ ይላል፤ ከ4,000 ሜትር በላይ በሆነው በጉና አናት ላይ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ የተማሪው ጥርጣሬ መነሻ አለው። ነገር ግን የደም ግፊት መለኪያ የሚነግረን የደሙን ጠቅላላ ግፊት ሳይሆን ደሙ ከአካባቢው አየር በላይ ያለውን ትርፍ ግፊት ነው። የመለኪያው ዜሮ የሚጀምረው ከአካባቢው አየር ነው። አየሩ መለኪያውን በሚጫንበት መጠን መላ ሰውነታችንንም፣ በውስጡ ያለውን ደም ጭምር፣ ይጫናልና ሁለቱ ይጣፋሉ። በመሆኑም 120 የሚል ንባብ በጅቡቲ ወደብም ሆነ በደብረ ታቦር ትርጉሙ አንድ ነው።

ይህ ማለት ከፍታ በሰውነት ላይ ምንም አያደርግም ማለት አይደለም። ከቆላ በአንድ ቀን ወደ ደጋ የወጣ ሰው ኦክስጅን ስለሚያንሰው ልቡ ይፈጥናል፤ የደም ግፊቱም ለጊዜው ከፍ ሊል ይችላል። በደጋ ተወልዶ ያደገው ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሕዝቦች ለኦክስጅን እጥረት የሚሰጡት ምላሽ ሄሞግሎቢንን ማብዛት ሲሆን ይህ ደሙን ያወፍረዋል። በአሜሪካዊቷ ተመራማሪ በሲንቲያ ቢል የተመራ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተመው ጥናት ግን በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ የአገራችን ደገኞች የሄሞግሎቢን መጠን ዝቅ ባለ ስፍራ ከሚኖሩ ሰዎች ብዙም የማይለይ ሆኖ ተገኝቷል። እንግዲህ የጉናን ገበሬ የደም ግፊት በደሙ መወፈር ማሳበብ አያስኬድም። ቆላ መውረድም ሕክምና አይሆንም።

የትርፍ ግፊትን ምንነት በዓይን ያሳየው የመጀመሪያው ሰው እንግሊዛዊው ቄስ ስቲቨን ሄልስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1733 ባሳተመው መጽሐፍ በአንዲት ባዝራ የደም ቧንቧ ረጅም የመስተዋት ቱቦ ሲያስገባ ደሙ 2.5 ሜትር ያህል ወደ ላይ መውጣቱን ገልጿል። ሜርኩሪ ከደም 13 ጊዜ ያህል ስለሚከብድ 120 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ማለት አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ቁመት ያለው የደም ዓምድ ማለት ነው። 160 ላይ ዓምዱ ሁለት ሜትር ይሞላል። ደግነቱ ዛሬ ማንም ሰው ቧንቧው አይበሳም፤ ጣሊያናዊው ሐኪም ሪቫ ሮቺ እ.ኤ.አ. በ1896 በክንድ ላይ ተጠምጥሞ በአየር የሚነፋውን መጠቅለያ አስተዋወቀ፤ ሩሲያዊው ኮሮትኮቭ ደግሞ በ1905 መጠቅለያው ሲተነፍስ በማዳመጫ የሚሰማው ድምፅ የሚጀምርበትና የሚጠፋበት ነጥብ የላይኛውንና የታችኛውን ግፊት እንደሚያመለክት አሳየ። የላይኛው ልብ ስትኮማተር፣ የታችኛው ልብ ስታርፍ የሚኖረው ግፊት ነው።

የዓምዱ ነገር ለልኬት ብርቱ መዘዝ አለው። መጠቅለያው ከልብ በታች 10 ሴንቲ ሜትር ቢውል በመካከሉ ያለው የደም ዓምድ ክብደት በንባቡ ላይ 8 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያህል ይጨምራል። ይህ ቀላል ስሌት ነው፤ የደምን እፍጋት በስበት ፍጥንጥነትና በ0.1 ሜትር ማባዛት ብቻ ይበቃል፤ አንባቢያችን ራሱ ሠርቶ ያረጋግጠው። እኛም ከዓመታት በፊት በአንድ የሕክምና ተቋም ደረጃ ወጥተን እንደ ደረስን፣ እጃችን በጎናችን ተንጠልጥሎ፣ ከባለሙያው ጋር እያወራን ተለክተን 148 ወጣብን። ለሩብ ሰዓት ያህል አርፈን፣ ክንዳችንን ጠረጴዛ ላይ አሳርፈንና ዝም ብለን ሲለካ 131 ሆነ። በመጀመሪያው ንባብ መድኃኒት ተጀምሮልን ቢሆን ኖሮ ዕድሜ ልካችንን ስናነጥፈው የምንኖረው የፊዚክስ ስሕተት በሆነ ነበር። ስለዚህ ቡና ከጠጡ ቢያንስ 30 ደቂቃ አሳልፎ፣ ጀርባን አስደግፎ፣ እግርን ሳያነባብሩ መሬት አስረግጦ፣ ለ5 ደቂቃ ካረፉ በኋላ ክንድን በልብ ትክክል አድርጎ መለካት፣ ከዚያም ደግሞ መለካት ይገባል። በተለያዩ ቀናት ሲለካ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ የሚሆን ሰው ከፍተኛ የደም ግፊት አለበት ይባላል።

ሞተሩና ጎማው

በፎገራ ሜዳ በበጋ ሽንኩርት የሚያጠጣ አርሶ አደር የደም ዝውውርን ፊዚክስ በእጁ ያውቀዋል። የውኃ መሳቢያ ሞተሩን ሲያፈጥነው በጎማው ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል፤ የጎማውን አፍ በአውራ ጣቱ ሲያጠብበውም እንዲሁ። በቀመር ሲጻፍ አማካይ ግፊት የፍሰትና የተቃውሞ ብዜት ነው። ፍሰቱ ልብ በደቂቃ የምትረጨው ደም ሲሆን በዕረፍት ላይ ባለ ጎልማሳ 5 ሊትር ገደማ ይሆናል። ተቃውሞው ቧንቧዎቹ ለዚህ ፍሰት የሚያቀርቡት እንቅፋት ነው።

ተቃውሞው ከምን እንደሚመጣ ያገኘው ሰው ሐኪምም የፊዚክስ ሊቅም የነበረው ፈረንሳዊው ፕዋዜይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1828 በዶክትሬት ሥራው የእንስሳትን የደም ግፊት በሜርኩሪ ቱቦ ለካ፤ ቆየት ብሎም በቀጫጭን የመስተዋት ቱቦዎች ውስጥ የፈሳሾችን ፍሰት በትዕግሥት አጠና። ተቃውሞ ከፈሳሹ ዝልግልግነትና ከቱቦው ርዝመት ጋር በቀጥታ ያድጋል፤ ከቱቦው ራዲየስ ጋር ያለው ዝምድና ግን አስደናቂ ነው፤ ከራዲየሱ አራተኛ ርቢ ጋር በተገላቢጦሽ ይሄዳል። የቧንቧው ራዲየስ በ10 ከመቶ ቢጠብብ 0.9 አራት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ 0.656 ይሆናል፤ ተቃውሞውም በ52 ከመቶ ያድጋል። በተቃራኒው በ10 ከመቶ ቢሰፋ ተቃውሞው በ32 ከመቶ ገደማ ይቀንሳል። በእርግጥ ደም እንደ ውኃ ወጥ ፈሳሽ አይደለም፤ ቧንቧዎቻችንም የመስተዋት አይደሉም፤ ቀመሩ አቅጣጫ ጠቋሚ እንጂ ፍጹም አይደለም። የዚህን አራተኛ ርቢ ትርጉም የያዘ ተማሪ ግን የደም ግፊት ሕክምናን ግማሽ ያህል ይዟል ማለት ይቻላል። በደም ወሳጅ ቧንቧዎች ጫፍ ላይ የሚገኙት ጥቃቅን ቅርንጫፎች በግድግዳቸው ጡንቻ አላቸው፤ ይህ ጡንቻ በጥቂቱ ሲኮማተር ወይም ሲላላ ግፊቱ በብዙ ይለወጣል።

ሦስተኛው ባለጉዳይ ኩላሊት ነው። ኩላሊት በቧንቧዎቹ ውስጥ ምን ያህል ጨውና ውኃ እንደሚቆይ ይወስናል። ጨው ሲበዛ ውኃ አብሮት ይቆያል፤ የደሙ መጠን ሲጨምር ልብ የምትረጨው ይጨምራል።

ታዲያ ግፊቱ ቢጨምርስ ጉዳቱ ምንድን ነው? ለዚህ መልስ ከደብረ ታቦር ብዙ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ጋፋት ይበቃናል። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያሠሩበት ይህ ቦታ ስለ ግድግዳ ውፍረት ያስተምረናል። መድፍ የሚያፈስስ ሰው በርሜሉ በሰፋና የባሩዱ ግፊት በበረታ መጠን ግድግዳውን ማወፈር አለበት፤ አለዚያ ይፈነዳል። በግድግዳው ላይ የሚያርፈው ጫና በግፊቱና በራዲየሱ ልክ ያድጋል፤ በግድግዳው ውፍረት ልክ ይቀንሳል። ልብና ደም ወሳጅ ቧንቧዎችም ይህንኑ ሕግ ያከብራሉ። ግፊት ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ የልብ ግራ ክፍል ግድግዳ ይወፍራል፤ የትንንሾቹ ቧንቧዎች ግድግዳም ወደ ውስጥ ይወፍርና ቀዳዳቸውን ያጠብባል። ጥበቱ በአራተኛ ርቢ ተቃውሞን ይጨምራል፤ ተቃውሞው ግፊትን፣ ግፊቱም መልሶ ውፍረትን። መወፈር ያልቻለው የአንጎል ቀጭን ቧንቧ ደግሞ አንድ ቀን ይፈነዳል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ባለቤቱ ምንም አይሰማውም። በአንገታችን ደም ወሳጅ ቧንቧ ላይ ግፊትን የሚከታተሉ የነርቭ ጫፎች አሉ፤ እነዚህ ግን ድንገተኛ ለውጥን እንጂ ለረጅም ጊዜ የቆየ ከፍታን አይናገሩም። በጥቂት ቀናት ውስጥ አዲሱን ግፊት እንደ ትክክለኛ ቆጥረው ዝም ይላሉ። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት እ.ኤ.አ. በ2019 ከፍተኛ የደም ግፊት የነበረባቸው ከ30 እስከ 79 ዓመት የሆኑ ሰዎች 1.28 ቢሊዮን ሲሆኑ ግማሽ ያህሉ መኖሩን አያውቁም ነበር።

ኪኒኑ የት ይሠራል?

መድኃኒት መስጠት ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም የሚለው ጥያቄ እስከ 1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ አከራካሪ ነበር ቢባል የዛሬ ተማሪ ይገረማል። በ1967 እ.ኤ.አ. በኤድዋርድ ፍራይስ የተመራው የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች ጥናት ክርክሩን ቆረጠው። የታችኛው ግፊታቸው ከ115 እስከ 129 የነበረ 143 ወንዶች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ 73ቱ እውነተኛ መድኃኒት፣ 70ው ደግሞ መድኃኒት የሌለበት ተመሳሳይ ኪኒን ወሰዱ። በአማካይ ሁለት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ መድኃኒት ካልወሰዱት መካከል 27ቱ ከባድ አደጋ ሲደርስባቸው ከወሰዱት መካከል ግን የደረሰባቸው ሁለት ብቻ ነበሩ። እንዲህ ያለ የጎላ ልዩነት በፊዚክስ ቤተ ሙከራም ዘወትር አይገጥምም።

ዛሬ በጤና ጣቢያዎቻችንና በሆስፒታሎቻችን የሚታዘዙት መድኃኒቶች ስማቸው ብዙ ቢሆንም የሚነኩት ከላይ ያየናቸውን ጥቂት መጠኖች ብቻ ነው። አምሎዲፒንና ኒፌዲፒን ወደ ቧንቧው ግድግዳ ጡንቻ የሚገባውን ካልሲየም ይቀንሳሉ፤ ጡንቻው ይላላል፣ ራዲየሱ ይሰፋል፣ አራተኛው ርቢም ለእኛ ይሠራልናል። አንዳንድ ሰው ላይ ቁርጭምጭሚትን ያሳብጣሉ፤ ይህ ሲሆን ለሐኪሙ መንገር እንጂ በራስ ፈቃድ ማቆም አይገባም። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የተባለው ሽንት አስወጪ በኩላሊት በኩል ጨውና ውኃ ያስወጣል። የሚገርመው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የደሙ መጠን ወደ ቀድሞው ቢጠጋም ግፊቱ ዝቅ እንዳለ ይቀራል፤ በዚህ ጊዜ የቀነሰው ተቃውሞው ነው፤ እንዴት እንደሆነ ግን ሳይንሱ እስካሁን በሚገባ አልፈታውም። መድኃኒቱ ፖታሲየምን ሊያሳንስ ስለሚችል ሐኪሙ አልፎ አልፎ የደም ምርመራ ያዝዛል።

ኢናላፕሪልና ዘመዶቹ የሚያግዱት አንድ ኢንዛይም ነው። ኩላሊት የደም እጥረት የተሰማው ሲመስለው ሬኒን የተባለ ንጥረ ነገር ይለቅቃል፤ ከዚህ በሚነሣው ሰንሰለት መጨረሻ አንጂዮቴንሲን ሁለት የተባለው ቧንቧን የሚያጠብብና ጨውን የሚያስቀር ሆርሞን ይፈጠራል። ኢናላፕሪል ሰንሰለቱን ይበጥሰዋል። የዚህ ወገን መድኃኒቶች መነሻ የብራዚል እፉኝት መርዝ ነው ቢባል ማን ያምናል? እባቡ የነከሰው ሰው ግፊቱ ስለ ምን እንደሚወድቅ ሲመረመር በመርዙ የተገኘው ነገር መንገድ ጠቁሞ እ.ኤ.አ. በ1981 ካፕቶፕሪል ለሕክምና ተፈቀደ። በእነዚህ ምክንያት ደረቅ ሳል የሚያስቸግረው ሰው በሎሳርታን ሊለወጥለት ይችላል። ሁለቱም ወገኖች ግን ለነፍሰ ጡር ክልክል ናቸው፤ ፅንሱን ይጎዳሉ። ለእርሷ ሜቲልዶፓ ወይም ኒፌዲፒን ይመረጣል። እንደ አቴኖሎል ያሉት ደግሞ የልብን ፍጥነት በመግታት ፍሰቱን ይቀንሳሉ፤ የዚህ ወገን ፈር ቀዳጅ የሆነውን ፕሮፕራኖሎልን ያስገኘው ጄምስ ብላክ እ.ኤ.አ. በ1988 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኗል። ዛሬ እነዚህ ሌላ የልብ ምክንያት ከሌለ በመጀመሪያ አይታዘዙም።

ብዙ ሰው «ሁለት ዓይነት መድኃኒት ታዘዘልኝ፤ ሕመሜ ብሶብኛል ማለት ነው» ብሎ ይደነግጣል። ፍርሃቱ መሠረት የለውም። ሰውነት የራሱ ግፊት መቆጣጠሪያ ስላለው በአንድ በኩል ስንጫነው በሌላ በኩል ይመልሳል። ሽንት አስወጪው የደሙን መጠን ሲቀንስ ኩላሊት ሬኒኑን ይጨምራል፤ ቧንቧው ሲሰፋ ልብ ልትፈጥን ትሞክራለች። የአንዱን መድኃኒት መጠን እጥፍ ማድረግ ይህንኑ በር አብዝቶ መግፋት ነው፤ በሌላ መንገድ የሚሠራ ሁለተኛ መድኃኒት መጨመር ግን የመልሱን መንገድ ይዘጋል። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ የ42 ጥናቶች ትንተና ሁለተኛ ዓይነት መድኃኒት መጨመር የመጀመሪያውን መጠን እጥፍ ከማድረግ አምስት ጊዜ ያህል የበለጠ ግፊትን እንደሚቀንስ አሳይቷል። የትኞቹን ማጣመር ይሻላል ለሚለውም ከአህጉራችን የተገኘ መልስ አለ። በ2019 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የታተመው ጥናት ናይጄሪያን፣ ኬንያንና ኡጋንዳን ጨምሮ ከሰሐራ በታች ባሉ ስድስት አገሮች 728 ሕመምተኞችን አሳትፎ አምሎዲፒን ያለባቸው ጥምረቶች ከሌለበት ጥምረት ይልቅ ግፊትን ይበልጥ እንደሚያወርዱ አገኘ። አገራችን ከስድስቱ ውስጥ አልነበረችም፤ ቢሆን ደስ ባለን ነበር።

አራተኛው ቀን

አሁን ወደ ተማሪያችን ሦስተኛ ጥያቄ ደረስን። አባቱ የሚወስዱት አምሎዲፒን ነበር። ይህ መድኃኒት ከደም ውስጥ የሚቀንሰው ልክ እንደ ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር በግማሽ ዕድሜ ሕግ ነው፤ ግማሹ እስኪጠፋ ከ30 እስከ 50 ሰዓት ይፈጃል። 40 ሰዓት ብለን እናስላ። መድኃኒቱ በቆመ በመጀመሪያው ቀን ማብቂያ ከነበረው 66 ከመቶ ይቀራል፤ በሁለተኛው 44፣ በሦስተኛው 29፣ በአራተኛው 19። ወደ 5 ከመቶ የሚወርደው በሳምንቱ ነው። አባትየው «ትቼው ምንም አልሆንሁም» ባሉበት በዚያ ቀን በደማቸው ውስጥ ገና የመድኃኒቱ አንድ አምስተኛ ያህል ነበር። ሙከራውን ያቆሙት ውጤቱ ሳይደርስ ነው። መድኃኒቱ ሙሉ በሙሉ ሲያልቅም ቢሆን የጠበበው ቧንቧ ቀስ ብሎ ወደ ጥበቱ ይመለሳል እንጂ «ተመለስሁ» ብሎ አይናገርም። ሲጀመርም ተመሳሳይ ነው፤ መጠኑ በደም ውስጥ እስኪረጋ አንድ ሳምንት ተኩል ያህል ይፈልጋልና በሁለተኛው ቀን ተለክቶ «አልሠራልኝም» ማለት አይገባም።

ሁሉም መድኃኒት እንዲህ ዝግ ብሎ አይወጣም። አቴኖሎልና ፕሮፕራኖሎል በድንገት ሲቋረጡ ልብ ከቀድሞው ብሳ ልትመታ ትችላለች፤ የልብ ሕመም ባለበት ሰው ላይ ይህ አደገኛ ነው። ክሎኒዲንም በድንገት ሲቆም ግፊቱን እጅግ ያስፈነጥረዋል።

በአካባቢያችን መድኃኒት ከሚቋረጥባቸው ምክንያቶች አንዱ ጾም ነው። በ55ቱ የሁዳዴ ቀናት ብዙ ሰው እስከ 9 ሰዓት፣ ከዚያም በላይ እህል ውኃ አይቀምስም፤ ጠዋት የታዘዘች ኪኒንም አብራ ትቀራለች። የሃይማኖት አባቶች ሕመምተኛ መድኃኒቱን እንዲወስድ ሲመክሩ ሰምተናል፤ አረጋውያን ግን እሺ አይሉም። እዚህ ላይ ከብሪታንያ የመጣ አንድ ውጤት ይጠቅመናል። 21,104 የደም ግፊት ሕመምተኞችን በዕጣ ከፍሎ ግማሾቹ ጠዋት፣ ግማሾቹ ማታ እንዲወስዱ ያደረገው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2022 ሲታተም በልብ ድካም፣ በስትሮክም ሆነ በሞት በኩል በሁለቱ መካከል ልዩነት አለመገኘቱን ገለጸ። እንግዲህ በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰደውን ኪኒን ሐኪምን አማክሮ ወደ ማታ ማዛወር ለጿሚው መንገድ ይከፍታል። ሽንት አስወጪውን ማታ መውሰድ ሌሊት ያስነሣልና በጨለማ ወደ ደጅ የሚወጣ አዛውንት ከጾም መፍቻ በኋላ ገና ሳይመሽ ቢወስደው ይሻላል።

ጨው

ከውጭ አገር የተቀዱ የምክር ወረቀቶች ውፍረት ቀንሱ፣ ስፖርት ሥሩ ይላሉ። ለከተሜው ተገቢ ምክር ነው። ቀኑን ሙሉ ሞፈር ጨብጦ ለሚውለው የጉና ገበሬ ግን ትርጉሙ ጥቂት ነው፤ እርሱን የሚመለከተው ጨው ነው፤ አረቄና ጠላ የሚያበዛ ከሆነም መጠጡ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ጎልማሳ በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይመክራል፤ ይህም ልሙጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። በቤታችን ግን ወጡ ለብቻው ጨው አለው፣ ሚጥሚጣውና አዋዜው ለብቻቸው፣ ዳቦው ለብቻው፤ በገጠሩ ቡናውም በጨው ይጠጣል። በቻይና ገጠሮች በ600 መንደሮች 20,995 ሰዎችን አሳትፎ እ.ኤ.አ. በ2021 ውጤቱ የታተመው ጥናት ከጨዉ አንድ አራተኛውን በፖታሲየም ክሎራይድ መተካት ስትሮክን በ14 ከመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል፤ ዳሩ ግን ፖታሲየሙ የኩላሊት ሕመም ላለበትና እንደ ኢናላፕሪል ያለ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ሊያሰጋ ስለሚችል ያለ ሐኪም ምክር አይሞከርም። አዮዲን ያለውን ጨው ትቶ ወደ ሌላ መሄድም ስሕተት ነው፤ ቁም ነገሩ መጠኑን መቀነስ ነው። ነጭ ሽንኩርት ግፊትን በመጠኑ እንደሚቀንስ የሚያመለክቱ ጥናቶች አሉ፤ 170ን ወደ 130 እንዲያወርድ ግን አይጠበቅም።

ወጪን በተመለከተ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን ለገጠሩ ሰው ብዙ አቃልሏል። ይህ ሥርዓት በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት ወረዳዎች አንዷ የእኛው ፎገራ ነበረች። ሆኖም መድኅን ያለው ሰውም ቢሆን መንገድ ሲዘጋ መድኃኒት አያገኝም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በተከሠተው ግጭት ይህን በሚገባ አይተነዋል። ኪኒኑ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ እንዲህ ባለ ጊዜ የሕክምናው አካል ይሆናል።

ተማሪያችን የግማሽ ዕድሜውን ስሌት በደብተሩ ገልብጦ ቅዳሜ ወደ ቤተሰቡ ሄደ። አባቱ ስሌቱን ሰምተው «እስቲ እንይ» አሉ እንጂ አላመኑም። መድኃኒቱን ከተዉ በሦስተኛው ሳምንት ጤና ጣቢያ ሄደው፣ ክንዳቸው ጠረጴዛ ላይ ዐርፎ፣ ሁለት ጊዜ ተለክተው 166 በ98 ሆኑ። አሁንም ምንም አልተሰማቸውም ነበር። ከዚያ በኋላ ኪኒናቸውን ማታ ከእራት ጋር ይወስዳሉ፤ በቅርቡ ሲለኩ 134 በ84 ነበሩ። ከባለቤታቸው ጋር ያልተቋጨው ክርክር የቡናው ጨው ብቻ ነው።